ቢርጋርተን

የጀርመንኛ ቃል ነው፤ «ቢር» ቢራ፣ «ጋርተን» ደግሞ የአትክልት ቦታ። በትውልድ አገሩ ግን የቃሉ ዋና ነገር ጥላው ነው። የሙኒክ ጠማቂዎች ቢራቸው በበጋ እንዳይበላሽ መሬት ቆፍረው ያስቀምጡት ነበር። ጓዳው እንዲቀዘቅዝ ከላዩ ጠጠር አነጠፉ፤ ቅጠለ ሰፊውን የካስታኒየን ዛፍም ተከሉ። ሰዉ እዚያው ጥላ ስር መጠጣት ለመደ። የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ገበያችን ተነጠቀ ብለው አቤት ቢሉ፣ የባቫሪያው ንጉሥ ማክሲሚሊያን በ1812 እ.ኤ.አ. ጠማቂዎቹ ከቢራው ጋር ዳቦ እንጂ ሌላ ምግብ እንዳይሸጡ ወሰነ። ዛሬም በሙኒክ እንግዳ ከቤቱ ያመጣውን አይብና ዳቦ በረጅሙ የጋራ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ አንድ ሊትር የሚይዘውን «ማስ» ቢያዝ ማንም ቅር አይለውም። ከማያውቀው ሰው ጎን መቀመጥም ወጉ ነው፤ ይህን እጅግ እወድለታለሁ።

ስለዚህ ላስቲክ ወጥሮ ጃምቦ የሚቀዳ ግቢ ሁሉ ቢርጋርተን አይባልም። የአዲስ አበባው ሰፈር ጉርድ ሾላ ስሙን ያገኘው ከዛፍ ነው፤ ሾላ ደግሞ በጥላው አይታማም። በሰፈሩ ድራፍት ቤት የምትከፍቱ ሁሉ፣ እባካችሁ ከድንኳኑ በፊት ዛፍ ትከሉ።