የተጣለ ክራንክ ሻፍት ያስተማረው ሒሳብ

ስለ ሞተር ጉልበት ሲወራ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሲሲ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ «ውስጡ ያሉት ዕቃዎች እርስ በርስ ይስማማሉ ወይ?» የሚለው ነው። የአሜሪካ የጓሮ መካኒኮች ታሪክ የዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተርን መጠን ለማሳደግ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሲሊንደሩን ማስፋት ነው፤ ግን የብረቱ ግድግዳ እየሳሳ ስለሚሄድ ሩቅ አያስኬድም። ሌላው ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚጓዘውን ርቀት፣ ማለትም ምቱን ማስረዘም ነው። ምቱን የሚወስነው ክራንክ ሻፍቱ ነው። ስለዚህ ረጅም ምት የፈለገ ሰው ሌላ ክራንክ ሻፍት ይፈልጋል። ፈተናውም ከዚያ ይጀምራል።

ፎርድ በ1932 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባለ 8 ሲሊንደር ቪ ሞተርን በተራ ሰው አቅም በሚገዛ መኪና አቀረበ። የካሊፎርኒያ ወጣቶችም ያንን ሞተር እየፈቱና እየገጠሙ እንደ ሙሮክና ኤል ሚራጅ ባሉ ደረቅ ሐይቆች ላይ ይሽቀዳደሙበት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1949፣ የፎርድ እህት የሆነው ሜርኩሪ 101.6 ሚሊ ሜትር ምት ያለው ክራንክ ሻፍት ይዞ መጣ። የዚያው ዓመት ፎርድ ምት 95.25 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የሲሊንደሩ ስፋት ግን ያው ነው። ወጣቶቹ የሜርኩሪን ክራንክ ከነፒስተኑ አውጥተው የፎርድ ብሎክ ውስጥ ከተቱት። ሞተሩ ከ3.9 ሊትር ወደ 4.2 ሊትር አደገ። ክራንኩን ብቻ ወስዶ ፒስተኑን የተወ ሰው ግን ሥራው አልሰመረለትም፤ ምቱ ሲረዝም ፒስተኑ ወደ ላይም አልፎ ይሄዳልና።

ትልቁ ትምህርት የመጣው ከሼቭሮሌት ነው። ኩባንያው በኢድ ኮል መሪነት የሠራውን ትንሹን ቪ8 በ1955 ለገበያ አቀረበ። ሞተሩ ሲጀምር 265 ኪዩቢክ ኢንች ነበር። ከዚያ 283፣ 327፣ በ1967 ደግሞ 350 ሆነ፤ 350 ማለት 5.7 ሊትር ነው። በ1970 ለከባድ የቤት መኪኖች 400 የሚባለው ተጨመረ። ምቱ 95.25 ሚሊ ሜትር፣ ከ350 በ7 ሚሊ ሜትር ያህል የሚረዝም ነበር።

400 የተሠራው ለሩጫ አልነበረም። እስከ 1980 ድረስ ቤተሰብና ጭነት ሲያመላልስ ቆይቶ መጨረሻው የአሮጌ መኪና መከማቻ ሆነ። መካኒኮቹ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ የዚህ ሞተር ክራንክ ሻፍት ወደ 350 ብሎክ ቢገባና ሲሊንደሩ በ0.76 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ 383 ኪዩቢክ ኢንች፣ ወደ 6.3 ሊትር የሚጠጋ ሞተር ይገኛል። ስትሮከር ከሚባሉት ሞተሮች ሁሉ ስሙ የገነነው ይህ ነው።

ታዲያ ዝም ብሎ አይገባም። የ400 ክራንክ ብሎኩ ላይ የሚቀመጥባቸው አንገቶች 67.3 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የ350 ብሎክ የሚቀበለው 62.2 ነው። ስለዚህ አንገቶቹን በማሽን ማስሞረድ ግድ ሆነ። ኮኔክቲንግ ሮዱ የሚታሰርባቸው አንገቶች ግን በሁለቱም ሞተሮች እኩል ስለነበሩ መነካት አላስፈለጋቸውም። ዕድል የረዳቸው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ እንምጣ። ከክራንኩ መሐል እስከ ብሎኩ አናት ያለው ርቀት 229.2 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ርቀት ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደምረው መግባት አለባቸው፤ የምቱ ግማሽ፣ የኮኔክቲንግ ሮዱ ርዝመት እና ከፒስተኑ ፒን እስከ ፒስተኑ አናት ያለው ቁመት። በፋብሪካው 350 ላይ ድምሩ 44.2፣ 144.8 እና 39.6 ነው፤ 228.6 ይሆናል። ልክ ነው፤ ይገባል።

የ400ውን ክራንክ አስገብቶ የ350ውን ሮድና ፒስተን እንዳለ የገጠመ ሰውስ? 47.6፣ 144.8 እና 39.6 ሲደመር 232 ይሆናል። ፒስተኑ ከብሎኩ አናት በ2.8 ሚሊ ሜትር ወጥቶ ቴስታታውን ይመታል። ገንዘቡም ድካሙም ገና በመጀመሪያው ዙር ገደል ገባ ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነበር። ርካሹ የ400ውን አጭር ሮድ፣ 141.4 ሚሊ ሜትሩን፣ ከ350 ፒስተን ጋር ማገናኘት ነው፤ ድምሩ ያው 228.6 ይመጣል። ነገር ግን አጭር ሮድ ፒስተኑን ወደ ጎን አብዝቶ ይገፋዋል፤ የሲሊንደሩን ግድግዳም ይበላል። ሁለተኛው መንገድ የ350ውን ሮድ ይዞ ፒኑ ከፍ ብሎ የተበሳ፣ 36.2 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ፒስተን መግዛት ነው። በኋላ 152.4 ሚሊ ሜትር ሮድ ከ28.6 ፒስተን ጋር መግጠምም ተለመደ። ቁጥሮቹን ደምሯቸው፤ ሁሉም 228.6 ላይ ያርፋሉ። አንዱ ሲረዝም ሌላው ማጠር አለበት።

ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። የ400 ክራንክ ሚዛኑን ብቻውን አይጠብቅም፤ ፋብሪካው ከፊት ባለው ዳምፐርና ከኋላ ባለው ፍላይዊል ላይ ተጨማሪ ክብደት አድርጎለታል። የዘመኑን የ350 ዳምፐርና ፍላይዊል ሚዛኑን ሳያስተካክል የገጠመ ሰው ሞተሩ ይንቀጠቀጥበታል። የሮዱ ብሎኖችም ካምሻፍቱንና የብሎኩን የታች ጠርዝ እንዳይነኩ ሞተሩን በእጅ እያዞሩ መፈተሽ፣ የሚነካውን ቦታ መሞረድ ያስፈልጋል።

ቴስታታውም አለ። በ350 አንድ ሲሊንደር የሚውጠው 717 ሲሲ ገደማ ነው፤ በ383 ግን 784 ይደርሳል። ከላይ ያለው የማቃጠያ ክፍል ካልተለወጠ ያ ሁሉ በዚያው ጠባብ ቦታ ይታመቃል። ጄኔራል ሞተርስ ከ1971 ጀምሮ ዝቅተኛ ኦክቴን ላለው ነዳጅ ብሎ የሞተሮቹን መጭመቂያ ሲቀንስ፣ የጓሮው መካኒክ ሳያስበው ሊጨምረው ይችል ነበር። ውጤቱ ማንኳኳትና የተሰበረ ፒስተን ነው። ለዚህ ነው አናቱ ጎድጎድ ያለ ፒስተን የሚመረጠው፤ ምርጫውም ቴስታታው ሳይታወቅ አይደረግም።

ዛሬ ይህ ሁሉ ቀሏል። ክራንኩ፣ ሮዱና ፒስተኑ ተመጣጥነው በአንድ ሳጥን ይሸጣሉ። ጄኔራል ሞተርስ ራሱ 383ን በመደበኛ መኪና አስገብቶ ባያውቅም፣ በኋላ ተገጣጥሞ ያለቀ ሞተር አድርጎ ሸጦታል። የጓሮው ሥራ ፋብሪካ ገባ።

ይሁንና ሳጥኑ ከመለካት ነፃ አያወጣም። ለምሳሌ ከ1986 ጀምሮ የዚህ ብሎክ የኋላ ዘይት መከላከያ ተቀይሯል፤ ስሙ ያው 350 ሆኖ ሳለ ለአሮጌው ብሎክ የተሠራ ክራንክ ሻፍት እንዳለ አይገባበትም። ስምን አምኖ የገዛ ይከስራል፤ ብሎኩን ለክቶ የገዛ ያተርፋል።

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ውዱን ፒስተን ቀድሞ ገዝቶ የሚስማማውን ክራንክ በኋላ መፈለግ ሲሮጡ መታጠቅ ነው። በአሮጌ መኪና መከማቻ ሲቆፍሩ የነበሩት ሰዎች ገንዘብ ስላልነበራቸው ተሳስተው ደግመው መግዛት አይችሉም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ፣ ቀጥለው ደመሩ፣ የገዙት መጨረሻ ላይ ነው። ከ383 ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ይኸው ቅደም ተከተል ነው።