ንጉሡ ምን አደረጉ?

ራቤል ላይ ለቁጠባ በተሰበሰብን ቁጥር ትንንሽ ልጆቻችን አብረውን ይመጣሉ። እኛ ሒሳብ ስንሠራ እነሱ እንዳይሰለቹ ብለን ስለ አገራችን መሪዎች ማስተማር ጀመርን። መጀመሪያ እኛ እንደተማርነው ስምና ዓመተ ምሕረት አስጠናናቸው፤ በሳምንቱ ረሱት።

ስለዚህ መሪዎቹን ከልጅነታቸው ጀመርናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሞተው አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ፣ ገና በ11 ዓመታቸው ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። አሥር ዓመት ያህል ቆይተው በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡ። ይህን ስንነግራቸው ልጆቹ ጸጥ አሉ።

ሴቶቹ ልጆች ግን «ሴት መሪ የለችም?» አሉን። የእቴጌ ጣይቱን ነገርናቸው። በጥር 1888 ዓ.ም. ጣሊያኖች መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽገው ሳለ፣ የሚቀዱት ውሃ እንዲያዝባቸው ያሰቡት እሳቸው ናቸው፤ ምሽጉም ተለቀቀ። ልጆቹ ከጭቃ ምሽግ ሠሩ፤ ከሥሩ በገል ውሃ አስቀመጥንላቸው። «ሳትዋጉ እንዴት ታስለቅቃላችሁ?» ብንላቸው፣ በየቀኑ ምንጭ የምትወርድ አንዲት ልጅ ገሉን ብድግ አደረገችው። ከዚያ በ1909 ዓ.ም. ዘውድ ስለጫኑት ንግሥት ዘውዲቱ፣ በ2011 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ስለሆኑት ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ቀጠልን።

እርስ በርሳችን የተከራከርነው በክፉ ቀን ላይ ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ፣ እርሻ ቆሞ፣ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ግማሾቻችን «ለሕፃን ድሉ ይበቃዋል» አልን። አንዲት እናታችን ግን «እኛ ከአያቶቻችን የሰማነው ክፉ ቀንን ነው፤ ለምን እንደብቃቸዋለን?» አሉ። ነገርናቸው። ወዲያው አንዱ «ታዲያ ንጉሡ ምን አደረጉ?» አለ። በሬ ሲጠፋ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ፣ መኳንንቱንም እንዳስቆፈሩ የሚተረከውን ነገርነው። «በቃቸው ወይ?» አለ። አልበቃም፤ ብዙ ሰው አልቋል አልነው።

ማስተማር የፈለግነው ይህንኑ ጥያቄ ኖሯል። ስምና ዓመት ይረሳል፤ «በክፉ ቀን ምን አደረጉ?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ልጅ ግን ነገ የራሱን መሪ ይጠይቃል፣ መሪ ቢሆንም ራሱን ይጠይቃል።

አሁን ልጆቹ የሳሉትን ሰብስበን፣ እኛ በፈተልነው የበግ ፀጉር ክር ሰፍተን መጽሐፍ አድርገንላቸዋል። አንድ ብቻ ስለሆነ በተራ ይወስዱታል። ወረቀትና ቀለም የምትረዱን ወዳጆቻችን ለእያንዳንዱ ቤት አንድ እንዲደርስ አግዙን። እናንተም እናቶች፣ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን ይዛችሁ ኑ።