የማኅበር መዋጮና የምስክሩ ታሪክ

ሰዎች በማኅበር ተሰባስበው አንዱ የሌላውን ሸክም መሸከም ከጀመሩ ወዲህ በየዘመኑ የተነሣው ዐቢይ ጥያቄ፣ አባሉ ምን ያህል ያዋጣ ከሚለው ይልቅ፣ ማዋጣቱን ማን ይመስክርለት የሚለው ነው። ዛሬ በሀገር ውስጥም ሆነ በባሕር ማዶ የሚገኙ ማኅበሮቻችን የአባልነት መዋጮን በበይነ መረብ ለመሰብሰብ መንገድ ሲዘረጉ፣ ነገሩ ከአበው ሥርዓት ጋር ዝምድና የሌለው እንግዳ ጥበብ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸውና፣ ታሪኩን ከጥንቱ አንሥተን በዚህ ጥያቄ መሪነት ብንመረምረው ይጠቅማል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው የጽዋ ማኅበር ነው። በእመቤታችን፣ በመላእክት ወይም በጻድቃንና በሰማዕታት ስም የተሰበሰቡ ምእመናን መታሰቢያው በሚውልበት ዕለት በየወሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት በተራ እየሄዱ ሲዘክሩ፣ የእያንዳንዱ መዋጮ ከጓዳው የሚወጣው ዳቦና ጠላ ስለ ነበረ፣ ተረኛው ግዴታውን ለመፈጸሙ ምስክሩ በካህኑ ተባርኮ በጉባኤው ፊት የቀረበው ማዕድ፣ ኃላፊነቱ ወደ ሌላው ለመተላለፉም ማረጋገጫው ቀጣዩ ተረኛ ሙሴ በሚባለው የማኅበሩ መሪ ፊት የሚቀበለው ጽዋ ነበር። ሁሉም በአንድነት ያዩትና የቀመሱት ነገር ስለ ሆነ፣ መዝገብም ማኅተምም አላስፈለገውም።

በገበያ የሚዘዋወረው ገንዘብም በበኩሉ ምስክርነቱን በገዛ አካሉ የተሸከመ ነበር። ከአፋር ምድር ተቈርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋ የሚወጣውን፣ ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ መጠንም ዋጋው እየከበረ የሚሄደውን አሞሌ ጨው፣ ተቀባዩ ጠርዙ አለመሸረፉን በዐይኑ አይቶ ይረከበው ነበር። እንዲሁም የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ጠገራ ብር፣ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ጭምር 1780 የሚለውን የአውሮፓውያን ዓመት እንደ ያዘ እየተመታ ወደ ሀገራችን ሲገባ፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝነውን ይህን ብር የሚቀበለው ነጋዴ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያለውን ዕንቍ ሳይቀር መርምሮ ነበር ወደ ከረጢቱ የሚጨምረው። እንግዲህ በየካቲት ወር 1898 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ መርቀው የከፈቱት የአቢሲኒያ ባንክ ኋላ የወረቀት ገንዘብ ባወጣ ጊዜ፣ ሕዝቡ ብሩን ትቶ ወረቀቱን ለመቀበል ማመንታቱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ወረቀት ዋጋውን የሚያገኘው ካወጣው ተቋም ቃል ነውና። ከሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሥራ ላይ ሲውል፣ ሕዝቡ በተቋም ቃል መታመንን ደረጃ በደረጃ እየለመደ ሄደ።

በከተማ የተስፋፋው ዕድር ደግሞ ምስክርነትን ወደ መዝገብ አሸጋገረው። አባላቱ በወሩ በተወሰነው እሑድ ተሰብስበው፣ ገንዘብ ያዡ ገንዘቡን ሲቀበል፣ ጸሐፊው ደግሞ በመዝገቡና በአባሉ ካርድ ላይ ሲያሰፍር፣ ሰብሳቢው ሁለቱን እየተቈጣጠረ፣ የዘገየውም መቀጫውን እየከፈለ፣ የአንዱ ሥራ ለሌላው ሥራ ምስክር እንዲሆን ተደርጎ ሥርዓቱ ጸና። ሆኖም ይህ መልካም ሥርዓት አባሉ በአካል እንዲገኝ የሚያስገድድ ስለ ሆነ፣ ረጅም መንገድ የሚሄደው ሾፌር፣ በሌላ አውራጃ የተመደበው ሠራተኛ፣ ከሀገር ወጥቶ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የሚኖረው ልጅ፣ ገንዘቡን አብዛኛውን ጊዜ በሰው እጅ ይልኩ ነበር፤ የተላከውም ገንዘብ ስለ መድረሱ ምስክሩ የተላከው ሰው ብቻ ነበር።

ይህን ክፍተት የሚሞላው መንገድ በሕግ የተጠረገው በ2003 ዓ.ም. በወጣው የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት ዐዋጅ ቁጥር 718 ሲሆን፣ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር፣ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤምፔሳ የተባሉት የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ሥራ ሲጀምሩ፣ ከባንኮች የሞባይል አገልግሎት ጋር ተደምረው፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ ለብዙዎች የገንዘብ ከረጢት ሆነ። በባሕር ማዶ ያሉ ኢትዮጵያውያንም፣ በ2010 ዓ.ም. ክረምት በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጡ ጥሪ ከቀረበላቸው በኋላ፣ በተቋቋመው የዲያስፖራ ትረስት ፈንድ በኩል ከየሚኖሩበት ሀገር ሆነው በካርዳቸው በበይነ መረብ ለመለገስ ችለዋል።

አሠራሩን ለተመለከተው ሰው የዕድሩ ሦስት ሹማምንት በአዲስ መልክ ተቀምጠው ይታያሉ። አባሉ በማኅበሩ ገጽ ላይ የሚከፍልበትን መንገድ ሲመርጥ፣ ጥያቄው ማኅበሩን ከባንኮች ጋር በሚያገናኝ የክፍያ ድርጅት በኩል ወደ ባንኩ ወይም ወደ ቴሌብር ይተላለፋል፤ አባሉ በምስጢር ቍጥሩ ሲፈቅድ፣ ገንዘቡ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ ይገባል፤ መግባቱን የሚገልጸው ቃልም የራሱን መለያ ቍጥር ይዞ በቀጥታ ወደ ማኅበሩ መዝገብ ይመለሳል። ባንኩ በገንዘብ ያዡ፣ መዝገቡ በጸሐፊው፣ ሁለቱን የሚያመሳክረው መለያ ቍጥርም በሰብሳቢው ቦታ መቀመጣቸው ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው፣ አባሉ በስልኩ ላይ የሚያሳየው የደረሰኝ ምስል በቀላሉ ሊመሳሰል የሚችል ስለ ሆነ ነው። ጠገራ ብር በመዳሰስ ይመረመር ነበር፤ ምስል ግን አይዳሰስምና፣ ጸሐፊው የሚያምነው ከባንኩ በቀጥታ የደረሰውን ቃል መሆን ይገባዋል።

ስለዚህ አዲሱን መንገድ የሚዘረጋ ማኅበር ሦስት ነገሮችን እንዲጠብቅ ከልብ እንመክራለን። አንደኛ፣ የሚከፈልበት ሒሳብ በማኅበሩ ስም የተከፈተና ከአንድ በላይ ፈራሚ ያለው ይሁን፤ በገንዘብ ያዡ የግል ሒሳብ የሚሰበሰብ መዋጮ፣ ሰውየው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ምስክር አልባ ነውና። ሁለተኛ፣ መንገዱ ከአንድ በላይ ይሁን፤ ዘመናዊ ስልክ የሌለው በ*127# የቴሌብር አገልግሎት፣ በውጭ ያለው በካርዱ፣ ስልክ መነካካት የሚቸግራቸው እናትም እንደ ቀድሞው በጥሬ ገንዘብ እንዲከፍሉ ይፈቀድ፣ አሮጌው ጠረጴዛም ከነደብተሩ አይነሣ። ሦስተኛ፣ በየወሩ የባንኩ መግለጫና የማኅበሩ መዝገብ ተመሳክረው፣ ውጤቱ በጉባኤ ፊት ይነበብ፤ በቃለ ጉባኤም ይስፈር። መዋጮው በምንም መንገድ ይምጣ፣ አባላቱ ሰምተው ያላጸደቁት ሒሳብ የማኅበር ሒሳብ ሊባል አይገባውም።