ለጭቃ ተሠርቶ በአስፋልት የሚያልቀው ጎማ

ጎማ ሊገዛ የመጣ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከከተማ ለማትወጣ የቤት መኪና መልስ አለው። ግማሹን በአስፋልት፣ ግማሹን በፒስታና በኮረኮንች ለሚነዳ ሰው ግን ሻጩ የሚጠራው ቁጥር ከግምት አያልፍም፤ ጥፋቱም የሻጩ አይደለም። የጎማ ዕድሜ ከጥንትም የተለካው በአስፋልት ነው። ከዋና መንገድ ውጪ እንዲሄድ የተሠራው ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው እዚያው አስፋልት ላይ ነው። ያለፉት ሰማንያ ዓመታት ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሩቅ ከሚመስል ቦታ እንነሳ። በ1942 መጀመሪያ ጃፓን ማላያንና በሆላንድ ይገዙ የነበሩትን የምሥራቅ ህንድ ደሴቶች ስትይዝ፣ አሜሪካ ከምታስገባው የተፈጥሮ ላስቲክ 90 በመቶ ያህሉ ቀረባት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካውያን መጀመሪያ በራሽን ያገኙት ሸቀጥ ስኳር ወይም ቡና ሳይሆን ጎማ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ቤንዚን በመላ አገሪቱ በኩፖን ሲታደል ዋናው ምክንያት የነዳጅ እጥረት አልነበረም፤ ሰው ትንሽ ከነዳ ጎማው ይተርፋል ተብሎ ነው። የፍጥነት ጣሪያውም በሰዓት 35 ማይል፣ ማለትም 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። የመንግሥቱ ስሌት ቀላል ነበር። ፍጥነት ሲጨምር ጎማው ይግላል፤ የጋለ ላስቲክ ደግሞ ቶሎ ይበላል። ያው ጎማ፣ በዚያው መንገድ፣ እንደ አነዳዱ የተለያየ ዕድሜ እንደሚኖረው መንግሥት በሕግ አጸደቀ ማለት ነው።

የዛሬው የአገር አቋራጭ ጎማ ቅድመ አያትም የተወለደው በዚያው ጦርነት ነው። የዊሊስ ጂፕ የሚታወቅበት ጎማ ወርዱ 6 ኢንች፣ ቸርኬው 16 ኢንች ሆኖ፣ ጥርሶቹ እንደ ወፍራም ጣውላ አግድም የተደረደሩ ነበሩ። ወደፊትም ሆነ ወደ ኋላ እኩል እንዲቆነጥጥ፣ በጥርሶቹ መካከል የገባውንም ጭቃ ሲሽከረከር እንዲያራግፍ የታሰበ ነው። ሥራውን በሚገባ ተወጥቷል። አስፋልት ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። ረጅም ጥርስ ደረቅ መንገድ ሲረግጥ ይታጠፋል፤ ከመንገዱ ሲላቀቅ ደግሞ ወደ ቦታው ለመመለስ እየተፋተገ ይንሸራተታል። ሺህ ጊዜ፣ መቶ ሺህ ጊዜ እንዲህ ሲሆን የጥርሱ አንዱ ጠርዝ ይበላል፣ ሌላው እንደተሳለ ይቀራል። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ያገለገለ የጭቃ ጎማ ላይ መዳፍን በአንድ በኩል ሲያሳልፉት ይለሰልሳል፣ መልሰው ሲያመጡት ይቧጥጣል። ያንን ጠርዝ የበላው ጭቃው አይደለም።

መፍትሔው ከፈረንሳይ መጣ። ሚሽላን በ1946 የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦ በ1949 ለገበያ ያቀረበው የራዲያል ጎማ፣ ክሮቹን ከጎን ወደ ጎን ዘርግቶ ከጥርሱ ሥር በብረት ክር መቀነት አሰረው። ጎኑ ሲተጣጠፍ ጥርሱ አብሮ መላወሱን ተወ፤ የጎማ ዕድሜም በእጅጉ ረዘመ። አሜሪካውያን ነገሩን ለመቀበል ዘገዩ። ቢኤፍ ጉድሪች ለቀላል ጭነት መኪኖች የሚሆን «ኦል ቴሬይን» (ለማንኛውም መንገድ) ራዲያል ያወጣው በ1976 ነው። በ1980 ደግሞ የጭቃውን ዓይነት አስከተለ። ሁለት የተለያዩ ጎማዎችን መሸጥ ያስፈለገው፣ በእኔ ግምት፣ አንድ ጎማ ለሁለቱም መንገድ እኩል ሊሆን እንደማይችል ፋብሪካው ራሱ ስላወቀ ነው።

እዚህ ላይ «አስፋልት ያለሰልሳል እንጂ አይቆርጥም፤ ጎማን የሚገድለው ድንጋይ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። የአፋርን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የረገጠ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ጎኑ ሊቀደድ ይችላል፤ ሹል ጠጠርም ጥርሱን እየፈነቀለ ያወጣል። ነገር ግን ድንጋዩ ብቻውን አይደለም። ብዙው ጉዳት የሚደርሰው ከአስፋልት ይዘነው በመጣነው ፍጥነትና ንፋስ ነው። በአስፋልት ልክ የተነፋ ደረቅ ጎማ ድንጋይ ሲያገኝ አይታጠፍለትም፤ ተወጥሮ ይጠብቀዋል፣ ይቆረጣል። እንግሊዛዊው መኮንን ራልፍ ባግኖልድ በ1920ዎቹና 30ዎቹ የሊቢያን በረሃ በፎርድ መኪና ሲያቋርጥ አሸዋውን ካሸነፈባቸው ዘዴዎች አንዱ የጎማውን ንፋስ መቀነስ ነበር። ዘዴው ለጠጠርም ይሠራል፣ ግዴታው ግን አስፋልት ላይ ሲወጡ መልሶ መንፋት ነው። ሳይነፋ በፍጥነት የሄደ ጎማ ውስጥ ለውስጥ ጎኑ ግሎ ያልቃል፤ ሲፈነዳም ጥፋቱ የድንጋዩ ይመስላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዋስትናው ወረቀት ነው። ዛሬ በአሜሪካ 50,000 ማይል፣ ማለትም 80,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና የሚሰጠው ኦል ቴሬይን ጎማ አለ፤ ታዲያ ችግሩ ተፈቶ የለም? ወረቀቱን እስከ ታች ያነበበ ግን በድንጋይ መቆረጥና መበሳት ዋስትናው ውስጥ እንደማይገቡ ያያል። ለጭቃ ጎማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የኪሎ ሜትር ዋስትና ጭራሹን የለም። የአሜሪካ መንግሥት ለጎማ ጥርስ መበላት የሚሰጠው የደረጃ ቁጥርም ቢሆን የሚወጣው በቴክሳስ፣ ሳን አንጄሎ አካባቢ፣ 400 ማይል በሚሆን የተነጠፈ መንገድ ላይ መኪኖች ተከታትለው እየዞሩ ነው። ጥልቅ ጥርስ ያላቸውንና የቀላል ጭነት ጎማዎችን ደንቡ ከመጀመሪያው ትቷቸዋል። ገዢው አጥብቆ የሚፈልገውን ቁጥር ማንም በሕግ አልለካውም።

ለእኛ አገር ጉዳዩ ከቅንጦት የራቀ ነው። በ1997 የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር ኢትዮጵያ የነበራት መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ሲሆን አስፋልቱ 4,000 እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ አስፋልቱ ብዙ ቢጨምርም ከዋናው መንገድ የሚገነጠለው ፒስታ ጠጠር እንደሆነ ነው። ስለዚህ አንድ መኪና በአንድ ቀን ሁለቱንም ይረግጣል፤ ጎሚስታው ጠዋት የነፋለትን ንፋስ ይዞ ማታ ያድራል። የጭነት መኪና ባለቤቶች ጎኑ ወፍራም የሆነውን የናይለን ጎማ ለረጅም ጊዜ የሙጥኝ ያሉት ራዲያልን ስላላወቁ አልነበረም፤ ከመጠን ያለፈ ጭነትንና ድንጋይን የሚችልላቸውን መርጠው ነው። ጥርሱ ተላጭቶ የተጣለው የናይለን ጎማ በረባሶ ሆኖ ዓመታት ማገልገሉም ገላው ገና ጤነኛ እንደነበር ይነግራል።

ስለዚህ የጎማን ዕድሜ በሚሊ ሜትር መቁጠር ይሻላል። አዲስ ኦል ቴሬይን 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥርስ አለው። በብዙ አገሮች ሕግ ጎማ አልቋል የሚባለው 1.6 ሲደርስ ነው፤ ጭቃ መቆንጠጡን ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ፣ ግማሹ ላይ ሲደርስ መተው ይጀምራል። አስፋልት ላይ ገና ብዙ የሚሄድ ጎማ ለገጠሩ መንገድ ሞቷል ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፣ ያገለገለ ጎማ ሲገዙ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ መጠየቁን ይተዉና የቀረውን ጥርስ ይለኩ፤ ጎኑ ላይ ከታተመው የምርት መለያ የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞችም ይመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የቀሩት ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ።