የአኩፋዳው እንጀራና የቆቦ መንገድ

ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ጎብዬንና ሮቢትን ካለፈ በኋላ፣ በስተግራው የላስታ ደጋ ግድግዳ መስሎ ሲቆም፣ በስተቀኙም የዞብል ተራሮች ከሩቅ ሲታዩት፣ በሁለቱ መካከል እንደ ሰሌን የተነጠፈ፣ በክረምት መውጫ የማሽላ ባሕር፣ በበጋ ግን አቧራ የሚሆን ሰፊ ሜዳ ያገኛል። ይህ የራያ ቆላ ነው፤ ቆቦም ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዚሁ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች።

ይህን አገር ዛሬ የማነሣው ስለ ማሽላውና ስለ ግመሉ ልተርክ ብዬ አይደለም። በሰው ገንዘብ የተማሩ ወጣቶች ለመንግሥት ሥራ እንዴት ይሰናዱ እንደ ነበር የሚነገረው ታሪክ ሁሉ ከአዲስ አበባ አደባባይ፣ ከጅቡቲ ባቡርና ከባሕር ማዶ ወደብ ስለሚጀምር፣ አንድ ጊዜ እንኳ ከወዲህ፣ እንጀራው ከተጋገረበት ከገበሬው ጓዳ በኩል ቢታይ መልካም ነው ብዬ ነው።

‹ስኮላርሺፕ› የሚለው የባዕድ ቃል ሳይሰማ፣ ነገሩ ግን በአገራችን የታወቀ ነበር። የአብነት ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፣ ውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ከደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ የቤቲቱ እመቤት ከሞሰቡ ኩርማን እንጀራ ቆርሳ የምትሰጠው ለነፍሷ ብላ ቢሆንም፣ ሳታውቀው የአንድ ሊቅ ማሳደጊያ ትከፍል ነበር። በራያ በአና፣ በየጁ በዳና የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች በሼኾች እግር ሥር ቁርኣንና ፍቅህ የሚቀራው ደረሳም እንዲሁ የመንደሩን ማሽላ በልቶ ነው ዓሊም የሆነው። ከዚህ ሥርዐት ውስጥ ትልቁን ትምህርት የማየው በቅኔውና በዜማው አይደለም፤ ተማሪው በየማታው የማን ቤት እንጀራ ነጭ፣ የማን ቤት እንጀራ ጥቁር እንደ ሆነ፣ በየትኛው ዓመት አኩፋዳው ባዶውን እንደሚመለስ በእጁ ዳስሶ በማወቁ ነው። ኋላ መሪጌታ ሆኖ ወንበር ቢዘረጋ፣ ወይም የአገረ ገዢ ጸሐፊ ሆኖ ክርታስ ቢይዝ፣ ያን ባዶ አኩፋዳ ፈጽሞ መርሳት ይቸግረዋል። አንዳንዱ ግን መርሳቱን ችሎበታል፤ ደብተራን ሁሉ ጻድቅ አድርጌ ልስል አልፈልግም።

ዘመኑ ተለወጠና መንግሥት ራሱ የተማሪ መጋቢ ሆነ። ከዐድዋ ድል ማግስት ልጅ ሳሉ ወደ ሩሲያ የተሻገሩትና የመድፈኛን ትምህርት የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በጀርመን አገር የተማሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የዚያ ዘመን በኵራት ናቸው። ገብረ ሕይወት ሹም በደመወዝ እንዲኖር፣ ግብሩም ልክ እንዲኖረው አጥብቀው የጻፉ ሰው ነበሩ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ተክለ ሐዋርያትም ብዕራቸው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ላይ ቢታይም፣ እኔ የማደንቃቸው በጨርጨር ገዢነታቸው ነው፤ አሰበ ተፈሪን ከተማ አድርገው ሲያቆሙ፣ ከባሕር ማዶ ያዩትን በአገሬው አፈር ላይ ሊሞክሩት ወርደዋልና።

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብጽ በመጡ የቅብጥ መምህራን ተከፈተ፤ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተመረቀ። ከዚያም ወጣቶች በየዓመቱ ወደ ግብጽ፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ አሜሪካም ጭምር ይላኩ ጀመር። መላኩ በያን ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋር ኦሃዮ ከሚገኝ ኮሌጅ ገብተው፣ በመጨረሻ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ዶክተር ሆነው ወጡ፤ አክሊሉ ሀብተ ወልድ በፓሪስ ሕግ ተምረው ኋላ እስከ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ደረሱ። ቋንቋው፣ ሕጉ፣ የጦሩ ጥበብ ሁሉ ተሟልቶ ተሰጥቷቸዋል፤ አገራቸውን በእግራቸው እንዲያዩ ግን መርሐ ግብር ያወጣላቸው አልነበረም።

በዚያ ዘመን ራያን መንግሥት የሚያውቀው በዘመቻ ነበር። ከ1920 እስከ 1922 ዓ.ም. ራያ ሲሸፍት ጦር ይላክበታል፤ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ሲሆንም፣ ወደ አሸንጌ ሐይቅ የሚያፈገፍገውን ሠራዊት ከጠላት አውሮፕላን ሌላ የራያ ሽፍቶች ተኩስ ተቀብሎታል። ይህን ብዙዎች ክሕደት ብለው ብቻ ያልፉታል። እኔ ግን አንድ ሕዝብ መንግሥቱን በአስገባሪና በጦር አዝማች መልክ ብቻ ሲያየው ከኖረ፣ በጭንቅ ቀን ወንድም ሆኖ አለመገኘቱ ከገዢዎቹም በኩል ታሪክ አለው እላለሁ። ተምረው ከተመለሱት ልጆች ግን ብዙዎቹ ይህን ለማሰብ ዕድሜ አላገኙም፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ፋሽስት የተማረውን ኢትዮጵያዊ እየለየ አደነው፤ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ልጆች፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ ከተገደሉት መካከል ነበሩ።

ከነጻነት በኋላ ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ጄኔራል ዊንጌት፣ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር አባል በዶክተር ሉሲዬን ማት መሪነት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተከፈቱ፤ መኝታው፣ ቀለቡ፣ መጽሐፉ ሁሉ በነጻ ነበር። ለሹማምንት ማሠልጠኛ የሚሆን የሕዝብ አስተዳደር ተቋምም በተባበሩት መንግሥታት ርዳታ ተቋቋመ። እንግዲህ አኩፋዳው ቀረ፤ ተማሪው ምግቡን ከምግብ ቤት መስኮት በሳሕን ይቀበላል፤ ከመስኮቱ ወዲያ የማን ማሽላ፣ የማን ጤፍ፣ የማን ግብር እንዳለ የሚነግረው የለም።

ገርማሜ ንዋይ ያን ሳይነገራቸው ፈልገው ካዩት አንዱ ነበሩ። ከዊስኮንሲንና ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተመርቀው፣ ስለ ኬንያ ነጭ ሰፋሪዎች የመሬት ፖሊሲ ጽፈው ተመለሱና የወላይታ ገዢ ሆኑ፤ በዚያም መሬት ለሌለው መሬት መስጠት ሲጀምሩ ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ። መጨረሻቸው የታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ነው። ስለ ሙከራው የሚፈርደው ይፍረድ፤ እኔን የሚያስገርመኝ ከኒው ዮርክ ያመጡት ዲግሪ ያላደረገውን የወላይታ ጭሰኛ ጎጆ ማድረጉ ነው።

በ1957 ዓ.ም. የጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይህን በሥርዐት ሊያደርግ የተነሣ ነበር። ተማሪው ሦስት ዓመት ከተማረ በኋላ፣ ዲግሪውን ሳይቀበል አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ታዘዘ፤ አብዛኛውም በመምህርነት ተመደበ። መጀመሪያ ያጉረመረሙ ነበሩ፤ አይፈረድባቸውም። በከተማ ያደገ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ቆላ ወርዶ፣ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ በበረሓው ሙቀት ጠመኔ ሲይዝ፣ ማታ በፋኖስ ደብተር ሲያርም፣ ከተማሪዎቹ አንዱ ለምን ሦስት ቀን እንደ ቀረ ሲጠይቅ «ጎርፍ ጠብቀን ነው፣ ጋሼ» የሚል መልስ ሲያገኝ፣ ያ ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ካልጠየቀ ምንም አልተማረም፤ ከጠየቀ ግን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

ጎርፍ መጠበቅ እንዲህ ነው። ሆርማትና ጎሊና በበጋ አሸዋ ናቸው። ደጋ ላይ ሲዘንብ ግን ቆላው ደመና ሳያይ ወንዙ በሌሊት ይመጣል፤ ገበሬው በጆሮው ጠብቆ፣ በድንጋይ፣ በእሾህና በአሸዋ በገደበው መጥለፊያ ጎርፉን ከመንገዱ መልሶ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ይህን ጠለፋ ይሉታል። ላይኛው ሲጠግብ ለታችኛው ይለቃል፤ ገደቡ ሲጠገን ያልወጣ ሰው ተራው ይቀርበታል፤ ተራውን የሚያስጠብቁት የውሃ አባቶች ናቸው። ውሃው ለሰዓታት ብቻ ስለሚቆይ ፍርዱም ለይግባኝ ጊዜ የለውም። በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባሉት ሽማግሌዎች የደም ነገር ሲያደርቁ በጥላ ሥር ቀን ከቀን ይቀመጣሉ፤ የውሃ አባት ግን በጨለማ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይፈርዳል። ስለ ሕዝብ አስተዳደር ካነበብኳቸው መጻሕፍት ይህን ያህል ያስተማረኝ ጥቂት ነው።

ከዚያ 1965 መጣ። ዝናቡ ቀረ፤ ወንዙ ሳይመጣ ክረምቱ አለፈ፤ የራያና የወሎ ቆላ ሰው ከብቱን ሸጦ፣ ዘሩንም በልቶ፣ በመጨረሻ ወደ ዐቢዩ መንገድ ወጣ፤ በቆቦ፣ በአላማጣ፣ በወልድያ መንገድ ዳር ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ስለ ሰብሉ መጥፋት የተጻፈው ዘገባ በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ በየወንበሩ ላይ ከተቀመጡት ብዙዎቹ በመንግሥት ቀለብ የተማሩ፣ ከባሕር ማዶ የተመለሱ ነበሩ። ዝምታውን የሰበሩትም የተማሩ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢው አሳዩ፤ ተማሪውም ተነሣ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠሩ ሰው ለረኀብ መጋለጥ ኋላ ሰፊ ጥናት ጻፉ። የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ። ይህ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ተማሪው አስተማሪ ሆኖ እንጂ ተማሪ ሆኖ አልወረደምና።

ዛሬ ከቆቦ ልጆች ወደ ወልድያ ዩኒቨርሲቲና ወደ ሌሎችም የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ ከሌላ ስፍራም ወደ ቆቦ የሚመደቡ የግብርና ባለሙያዎች ይመጣሉ። ባለፈው ክረምት አንዱን ወጣት በሆርማት ዳር አየሁት። ባትሪውን ለአንድ ሽማግሌ እያበራላቸው ነበር። «አባባ፣ ከላይ ያሉት ሰዎች እስከ ስንት ሰዓት ይጠጣሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸው መልስ ሳይሰጡት ጆሯቸውን ወደ ወንዙ አዘነበሉ፤ ልጁም ባትሪውን አጥፍቶ አብሯቸው ያዳምጥ ጀመር።