ፊደል ቆጠራ

ፊደል ቆጠራ፦ ጀማሪ ልጅ የግእዝና የአማርኛን ፊደል ለይቶ እንዲያነብ የሚያስችል ትምህርት፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የንባብ ቤት የመጀመሪያ እርከን ነው። ገበታው 33 ፊደላትን በሰባት ሰባት ዘር ይዞ 231 ሆሄያት ያሳያል። የኔታ ወይም ቀደም ያለ ተማሪ በስንደዶ እየጠቆመ ያስቆጥራል፤ ልጁም ከግእዝ እስከ ሳብዕ በዜማ ይከተላል።

የዜማው ችግር ግልጽ ነው፤ ልጁ ገበታውን ሳያይ በቃሉ ሊወርደው ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ «አቡጊዳ» ነው። አ ከግእዝ፣ ቡ ከካዕብ፣ ጊ ከሣልስ፣ ዳ ከራብዕ እየተነሣ ቅደም ተከተሉን ስለሚያናጋ፣ ተማሪው የፊደሉን መልክ ማየት ግድ ይሆንበታል። የሥነ ልሳን ምሁሩ ፒተር ዳንኤልስም ይህን ስም ወስዶ ለመሰል የአጻጻፍ ሥርዓቶች መጠሪያ አድርጎታል።

ድምፃቸው በአማርኛ አንድ የሆነ ፊደላት በቅጽል ይለያሉ፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። ፊደሉ መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ግን «አለ» የንግግር ይሁን የመኖር በገበታ አይታወቅም፤ በዐረፍተ ነገር ብቻ ይለያል።

ከአቡጊዳ ቀጥሎ የዮሐንስ መልእክት፣ በመጨረሻም ዳዊት ይነበባል። ዳዊት የደገመ ልጅ ንባብ ቤትን ጨረሰ ይባላል።