ከወላይታ ወደ ትልቅ ከተማ፦ የፍልሰት ጥቅምና ጉዳት በታሪክ ሲታይ

በወላይታ የመስከረም ወር ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይዞ ይመጣል። አንደኛው የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለጊፋታ በዓል ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመለሰው ወጣት ነው። ይህ ወጣት አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ለእናቱ ነጠላ ይዞ፣ ለእርድ በሬ የሚዋጣውን ገንዘብ ከኪሱ አውጥቶ ሲሰጥ የሚመለከት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በልቡ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። በዓሉ አልፎ እንግዶቹ ሲመለሱ፣ ስሙ በመዝገብ የሰፈረ ተማሪ አብሯቸው የሚሄድበት ጊዜ አለ።

በትምህርት ቤቶቻችን «ከከተማና ከገጠር ኑሮ የትኛው ይሻላል?» የሚለው ርእስ ለክርክር ሲቀርብ የኖረ ነው። ተከራካሪዎቹ ግን ከተማን ዘመን የማይለውጠው አንድ ነገር አድርገው ይወስዱታል። የወላይታ ታሪክ የሚያሳየው ከዚህ የተለየ ነው። ጉዞው ጠቃሚ ወይም ጎጂ የሆነው ከከተማይቱ ጠባይ ይልቅ ተጓዡ በስተኋላው ትቶት በሄደው ነገር፣ ይኸውም በመሬቱ፣ በቤተሰቡና በጀመረው ትምህርት ሁኔታ ነበር።

የመጀመሪያው ታላቅ ጉዞ ከነጭራሹ በፈቃድ የተደረገ አልነበረም። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ወላይታን በወረረ ጊዜ ንጉሥ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ከእርሳቸውም ጋር ብዙ ምርኮኛ ወደ ሸዋ ተወሰደ። አዲስ አበባ ያን ጊዜ ከተቆረቆረች ገና 8 ዓመቷ ነበር። ለእነዚያ ሰዎች ስለ ከተማ ጥቅምና ጉዳት መናገር ትርጉም አይኖረውም። በአገሩ የቀረውም ሕዝብ በገባርነት ሥርዓት ሥር ስለ ወደቀ፣ ከቀዬ መራቅ ለረጅም ጊዜ ከመከራ ጋር ተያይዞ ይታሰብ ነበር።

ይህ አስተሳሰብ የተለወጠው ደመወዝና መንገድ ሲመጡ ነው። በ1946 ዓ.ም. ሆላንዳዊው ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ፤ ኋላም የመተሐራው ተከተለ። አገዳ ለመቁረጥ ብዙ ጉልበት ያስፈልግ ስለ ነበር የወላይታ፣ የከምባታና የሀዲያ ሰዎች በየዓመቱ ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዱ ጀመር። በ1950ዎቹ ደግሞ የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ድርጅት ተቋቋመ። ስሙ በሶዶ ቢያልቅም የድርጅቱ መሥራቾችና ዋነኞቹ ገንዘብ አዋጪዎች ቀደም ብለው በአዲስ አበባ ንግድ የቆሙት የጉራጌ ተወላጆች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። ወደ ከተማ የሄደ ሕዝብ ያገኘውን ሀብት መልሶ ለአገሩ መንገድ ካዋለባቸው ምሳሌዎች ይህ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው።

አገዳ ቆራጩ የወቅት ሠራተኛ ነበር። ሥራው ሲያልቅ የሚመለስበት ቤት አለው፤ በቤቱ ዙሪያ በከብት ፍግ የዳበረው ዳርኮዋ፣ በዳርኮዋውም ላይ የእንሰት ተክል አለው። እንሰት ደርሶ ለምግብ እስኪሆን ዓመታት የሚቆይ፣ ሲያስፈልግ ግን በማናቸውም ወቅት የሚቆረጥ ተክል በመሆኑ፣ ባል በሌለበት ወራት ቤተሰቡን ያቆየ ነበር። ይዞት የሚመጣው ገንዘብ ለግብር፣ ለበሬ መግዣና ለበዓል ይውላል። ጉዳቱም ቀላል አልነበረም። ቆላው የወባ አገር ስለ ነበር ከገንዘቡ ጋር ሕመሙን ይዞ የተመለሰው ጥቂት አይደለም። ከቤት ራቅ ያለው ሾቃ በወንድ ጉልበት እጦት ሳይታረስ ይቀራል፤ እንሰቱን መፋቅና ቆጮውን ማዘጋጀት ቀድሞውንም የሴት ሥራ ስለ ነበር፣ የእርሻው ሥራ ሲጨመርበት ሸክሙ በሚስት ላይ ይከብዳል። ስለ ፍልሰት የተጻፉ ብዙ ጽሑፎች የሄደውን ሲቆጥሩ የቀረችውን መቁጠር ይረሳሉ።

መንግሥት ሰው ከአገሩ ሳይርቅ መሬት የሚያገኝበትን መንገድም ሞክሯል። በ1962 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ባንክ ድጋፍ ሥራ የጀመረው፣ በምህፃሩ ዋዱ ይባል የነበረው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ከተጨናነቀው ደጋ የመጡ ገበሬዎችን በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ በአበላ ቆላ አስፍሯል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር የወላይታ ገበሬ ታላቅ እፎይታ አገኘ። ይኸው አዋጅ በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ስለ ከለከለና የግል ሰፋፊ እርሻዎችም ስለ ተወረሱ፣ የወቅት ሥራው በር ጠበበ። አዲስ መጪ በከተማ ቤት ለማግኘት የቀበሌ ነዋሪነት ይጠየቅ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ወላይታን ሲመታ ከውጭ ይገባ የነበረው ገንዘብ መቀነሱ ጉዳቱን አባብሶታል ማለት ይቻላል። በአንጻሩ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛን ከመጀመሪያዎቹ 5 የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ስላደረገ፣ ብዙ ጎልማሳ ከቀዬው ሳይወጣ ፊደል ቆጠረ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የመንቀሳቀስ ነፃነቱ ሰፋ፤ መሬቱ ግን አልሰፋም። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ የወላይታ ዞን ነዋሪ 1,501,112 ሲሆን፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 356 ሰው ያህል ይኖር ነበር፤ በከተማ የሚኖረው ከመቶ 11.5 ብቻ ነው። ከአባቱ የሚካፈለው ማሳ ለእንሰት እንኳ የማይበቃው ልጅ የሚሄደው እንደ አያቱ ለአንድ ወቅት ተብሎ አይደለም። ዕድሜውም አነስተኛ ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ጫማ ከሚያሳምሩት፣ ሎተሪ ከሚያዞሩትና በየሕንፃ ሥራው ከሚሸከሙት መካከል ብዙዎቹ ከዚህ አካባቢ የመጡ ናቸው። ቀን ሠርተው የማታ ትምህርት ተከታትለው ለሥራና ለማዕረግ የበቁ አሉ፤ ይህ ዕድል በገጠር አይገኝም ነበር። ይሁን እንጂ ለማታ ትምህርት የሚበቃው አብዛኛውን ጊዜ ከመሄዱ በፊት አጥርቶ ማንበብ የቻለው ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ይነሣል። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የወላይታ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል። ይህ ለመማር ያለው ጠቀሜታ አያጠያይቅም። ሆኖም ሦስተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ አዲስ አበባ የደረሰ ሕፃን ትምህርቱን ልቀጥል ቢል የሚጠብቀው በአማርኛ የሚሰጥ ትምህርት ነው። አማርኛው በገበያና በጎዳና የተለቀመ ስለሚሆን፣ መምህሩ የቋንቋውን ችግር የአእምሮ ድካም አድርጎ ሊወስደው ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ የሚቀበል የመሸጋገሪያ ክፍል ማዘጋጀት የላኪውም የተቀባዩም አካባቢ ሥራ ነው።

ሰው ወደ ትልቅ ከተማ የሚሄድባቸው ሁለት ዐበይት ምክንያቶች፣ ሕክምናና ትምህርት፣ በሶዶ ቀስ በቀስ ተገኝተዋል። ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ወላይታ ከገቡ በኋላ የሕክምና ሥራቸው ማዕከል የሆነው ኦቶና ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1999 ዓ.ም. ተከፍቷል። በዚያው ዓመት ቆጠራ 76,050 ነዋሪ የነበራት ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ከቦሎሶ፣ ከዳሞትና ከኦፋ የሚመጣው ተማሪ በሶዶ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ይቀመጣል። ቅዳሜ ወደ ቤቱ ይሄድና አባቱን በሾቃው ያግዛል፤ እሑድ ማታ የሳምንት ስንቁን፣ ቆጮና ስኳር ድንች፣ በከረጢት ተሸክሞ ይመለሳል።